ማሲንቆ መቺው ነጋድራስ

ስልኬ ሜሞሪ ሞልቶ ፎቶ አላነሳ ያለኝ ቀን ሰርግ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ ነበር። እንደምታውቁት እንዲህ ሲሆን ሰው አያስብም፤ ይሰርዛል። እኔም ሰረዝኩ። ስክሪንሾት፣ የቆዩ ቪዲዮዎች፣ ስማቸው ቁጥር ብቻ የሆነ የድምፅ ፋይሎች፣ ሁሉንም ምልክት አድርጌ በአንድ ጊዜ ጠረግኳቸው። ምን እንዳጠፋሁ የገባኝ ማታ ቤት ገብቼ ነው። ከነዚያ ቁጥሮች አንዱ አጎቴ ነበር።

አጎቴ ነፍሱን ይማረውና ማሲንቆ ይመታ ነበር። ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ የዘመድ ድንኳን ጥግ ተቀምጦ ሲጫወት ሦስት ደቂቃ ከምናምን ቀድቼው ነበር። ካረፈ በኋላ የድምፁ ቅጂ ያለኝ እኔ ብቻ እንደሆንኩ አውቅ ነበር። አውቄም ሌላ ቦታ አላስቀመጥኩትም። ነገ እገለብጠዋለሁ ስል ቆየሁ፤ ነገ ሳይመጣ ጣቴ ቀደመ።

ለሳምንት ያህል ከራሴ ጋር ተጣላሁ። ከዚያ ግን ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። ሰው ድምፁን ማስቀመጥ የጀመረው መቼ ነው? ከኛ አገር ሰው መጀመሪያ ተቀምጦ በሸክላ የተቀዳው ማነው? ይህን ስፈልግ ነው ከነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጋር የተገናኘነው። እሳቸው ካለፉ ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ያገናኘን ዩቲዩብ ነው።

ስማቸውን ከዚህ በፊት ሰምታችሁ ከሆነ በልጃቸው በኩል ሊሆን ይችላል። ኳስ የሚወድ ሰው ይድነቃቸው ተሰማን ያውቃል። እኔም ያባቱ ስም ተሰማ መሆኑን እያወቅኩ ያ ተሰማ ማን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ተሰማ እሸቴ የተወለዱት በ1869 ዓ.ም ገደማ በሸዋ ምንጃር ነው። ዘመኑን አስቡት። አዲስ አበባ የምትባል ከተማ ገና አልነበረችም፤ ስትቆረቆር ተሰማ አስር ዓመት ቢሆናቸው ነው። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሲባሉ ተሰማ አስራ ሦስት ገደማ ነበሩ። ያደጉት አገሪቱ አዲስ ነገር ሁሉ እየቀመሰች ባለችበት ጊዜ ነው። ስልክ ገባ፤ ባቡር ከጅቡቲ ሽቅብ መምጣት ጀመረ፤ ሰው ሳይኖር ድምፁን የሚያሰማ መሣሪያም ቤተ መንግሥት ደረሰ።

የዚያ መሣሪያ ታሪክ ራሱ ደስ ይላል። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በፈረንጆቹ 1898 ለምኒልክና ለጣይቱ መልእክታቸውን በድምፅ ቀድተው ላኩ። ሁለቱ ደግሞ በዓመቱ መልሳቸውን በራሳቸው ድምፅ ቀድተው ሰደዱ። እቴጌ ጣይቱ እንግዲህ የኛው የበጌምድር ሰው ናቸው፤ በገና ይደረድሩ እንደነበርም ይነገራል። ያ ሁሉ ዜማ የሚያውቅ ሰው መቅጃው ፊት ቆሞ የቀዳው የሰላምታ ቃል ነው። በገናቸው አልተቀዳም። ይህን ሳነብ አጎቴ ትዝ አለኝ፤ ዕድሉ ደጃፍ ድረስ መጥቶ የሚያልፍበት ጊዜ አለ።

ለተሰማ ግን አላለፈም። በ1900 ዓ.ም የመጀመሪያው መኪና አዲስ አበባ ገባ። መኪና ሲመጣ የሚነዳውና የሚጠግነው ሰው ያስፈልጋል። ምኒልክ ተሰማን ይህን ሙያ እንዲማሩ ወደ ጀርመን ላኳቸው። ያኔ ተሰማ ሠላሳዎቹ ውስጥ የገቡ ሰው ናቸው። ባቡሩ ገና ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበር፤ ከአዲስ አበባ የሚነሳ መንገደኛ ድሬዳዋ እስኪደርስ ድረስ በበቅሎ ነበር የሚጓዘው። በአንድ ጉዞ ከበቅሎ ወደ ባቡር፣ ከባቡር ወደ መርከብ፣ ከመርከብ ወደ በርሊን ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንዴ ወደ ሰፈሬ ልመልሳችሁ። ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ ጋፋት የምትባል ቦታ አለች። አፄ ቴዎድሮስ ከጀርመንና ከስዊዘርላንድ የመጡ ሚሲዮናውያንን ሰብስበው መድፍ ያሠሩባት ቦታ ናት፤ ሴባስቶፖል እዚያ ቀልጦ ተሠርቶ ነው እየተጎተተ መቅደላ የወጣው። ተማሪ እያለን ለጉብኝት ወስደውናል፤ እኔ ያኔ ያስታወስኩት ብርዱን ብቻ ነበር፤ ከጉና የሚወርደው ንፋስ ምሕረት የለውም። አሁን ሳስበው ግን ጋፋትና የተሰማ ጉዞ የአንድ ነገር ሁለት ገጽ ናቸው። ቴዎድሮስ ባለሙያውን አገር ውስጥ ይዘው ሥራ አሉት። ምኒልክ ደግሞ የራሳቸውን ሰው ወደ ባለሙያው አገር ላኩት። ሁለቱም የፈለጉት ብረቱን ነው። የኋለኛው ጉዞ ግን ማንም ያላዘዘውን ነገር ይዞ ተመለሰ፤ ዘፈን።

ተሰማ ገጣሚ ነበሩ፤ ማሲንቆ ይመቱ ነበር፤ ድምፅም ነበራቸው። በርሊን ላይ ሸክላ ቀዱ። አንድና ሁለት ዘፈን ብቻ ቀድተው አላቆሙም፤ ከአስር በላይ ናቸው። ዛሬ አልበም የምንለው ነገር ስሙ እንኳ አልተፈጠረም ነበር፤ ግን የአንድ ሰው ግጥም፣ የአንድ ሰው ድምፅ፣ በአንድ አካባቢ የተቀዳ አንድ ስብስብ ከሆነ ሌላ ምን ይባላል? በርግጥ ከሳቸው ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ወደ አክሱም የመጣው የጀርመን አጥኚዎች ቡድን በሰም ሲሊንደር ላይ የአገሬውን ዜማ ቀድቷል። ያ ግን ለምርምር ነው፤ ቤተ መዛግብት ገባ። ሰው ገዝቶ ቤቱ የሚያጫውተው የኢትዮጵያ ዘፈን የሚጀምረው ከተሰማ ነው።

አሁን የቀረጻውን ክፍል በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉት። ማይክሮፎን የለም፤ በኤሌክትሪክ መቅዳት የመጣው ከ17 ዓመት በኋላ ነው። ያለው ትልቅ ቀንድ የመሰለ መለከት ነው። ዘፋኙ አፉን ወደ መለከቱ ያስጠጋል፤ የድምፁ ግፊት ብቻውን መርፌዋን አንቀሳቅሶ ሰሙ ላይ መስመር ይጭራል። ከተሳሳትክ መቁረጥ፣ መቀጠል፣ ማስተካከል የለም፤ ያለህ አማራጭ እንደገና ከመጀመሪያው መዝፈን ነው። የሸክላው አንድ ገጽ የሚይዘው ደግሞ ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ነው። ማሲንቆ ባለ አንድ ክር ናት፤ የፈረስ ጭራ በፈረስ ጭራ ላይ ሲሄድ የሚወጣው ድምፅ ለስላሳ ነው። እሷን ከሰው ድምፅ ጋር በአንድ መለከት ውስጥ ማስገባት ቀላል ሥራ አልነበረም።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ የምታውቁ ይህን ትረዱታላችሁ። አዝማሪ ብቻውን አይዘፍንም። አንዱ እንግዳ ተቀበል ይልና ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪው ይቀበላል፤ ያሳምረዋል፤ አንዳንዴም ሰጪውን መልሶ ይወጋዋል። ሰሙን ሰምቶ የሚስቅ አለ፤ ወርቁ ዘግይቶ የሚገባው አለ፤ ዘግይቶ የሳቀው ሰው ላይ ደግሞ ሌላው ይስቃል። የዘፈኑ ግማሽ ያለው ሰሚው ጋ ነው። በርሊን ውስጥ ተሰማ መለከቱ ፊት ሲቆሙ ከመሣሪያው ጀርባ የነበረው ባለሙያ ሰሙንም ወርቁንም አይሰማም። ተቀበል የሚል የለም። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ አልበም የተቀዳው ቋንቋውን በማያውቅ ሰው ፊት ነው። ተሰማ የዘፈኑት ገና ላልመጣ ሰሚ ነው ማለት ይቻላል።

ሰሚው ሲመጣስ እንዴት ተቀበላቸው? ዛሬ አልበም ሲወጣ በማግስቱ ሁላችንም ሃያሲ ነን፤ ስንተኛው ትራክ ይበልጣል፣ ግጥሙ ሳስቷል፣ ዜማው ከየት ተወሰደ እያልን እስከ ሌሊት እንከራከራለን። በ1900 ዓ.ም አዲስ አበባ ውስጥ የአልበም ሂስ የሚጽፍ ጋዜጣ አልነበረም። ግራሞፎን ያለውም መኳንንቱና የውጭ ዜጋው ነው። ገበሬው፣ ነጋዴው፣ አዝማሪው ራሱ ሸክላውን የሚያጫውትበት መሣሪያ አልነበረውም። ስለዚህ የተሰማ አልበም ሂስ የተሰጠው በወረቀት ሳይሆን በቃል ነው። ሰው ግጥማቸውን ይዞ ሄደ፤ ሸክላው ከሚደርስበት በላይ ቃሉ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ተሰማ ማለት ሰምና ወርቅ የሚያውቅ ሰው ማለት ሆነ። ከዚህ የሚበልጥ ሂስ እኔ አላውቅም።

ተሰማ ከጀርመን ሲመለሱ ቤተ መንግሥቱ ተለዋውጦ ነበር። ምኒልክ ታመው፣ ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ ተብለው፣ ሹመትና ሽረት የሚፋጠንበት ጊዜ መጣ። ተሰማ ለልጅ ኢያሱ የቅርብ ሰው ሆኑ፤ ነጋድራስም ተባሉ። ነጋድራስ ማለት የነጋዴው አለቃ ነው፤ ገበያና ቀረጥ የሚመለከተው ሹመት ነው። ማሲንቆ የሚመታ ሰው እንዲህ ያለ ሹመት ላይ ሲቀመጥ ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነው።

ግን ቤተ መንግሥት ውስጥ የወዳጅህ ዕጣ ያንተም ዕጣ ነው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ተነሱ። ከሳቸው ጋር የቆሙ ሰዎች ሁሉ አብረው ወደቁ። ተሰማም ያ የቤተ መንግሥት ዘመናቸው አበቃ። ልጃቸው ይድነቃቸው በ1914 ዓ.ም መባቻ የተወለደው አዲስ አበባ አይደለም፤ ጅማ ነው።

ይህን ልጅ ታውቁታላችሁ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ የተጫወተው፣ በ1954 ዓ.ም ብሔራዊ ቡድናችን የአፍሪካ ዋንጫን አዲስ አበባ ላይ ሲያነሳ አሠልጣኝ የነበረው፣ ከ1964 ዓ.ም እስኪያርፍ ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን የመራው፣ የደቡብ አፍሪካን አፓርታይድ ከኳስ ሜዳ ያባረረው ሰው ነው። ያ ሁሉ ሥራ እያለበት ሌላም ነገር ሠርቷል። ያባቱን ግጥሞች ሰብስቦ ሰምና ወርቅ የሚል መጽሐፍ አዘጋጅቷል። እኔ የሦስት ደቂቃ ፋይል መጠበቅ አቃተኝ፤ እሱ አህጉር እየመራ ያባቱን ቃል ሰበሰበ። ይህን ሳነብ ትንሽ አፍሬያለሁ፤ አልደብቃችሁም።

ነጋድራስ ተሰማ በፈረንጆቹ 1964 አረፉ። ምኒልክን፣ ኢያሱን፣ ዘውዲቱን፣ ጣልያንን፣ ኃይለ ሥላሴን አይተዋል። ሲሞቱ የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ወርቃማ የሚባለው ጊዜው ላይ ሊደርስ ነበር። አምሃ ሪከርድስ በ1961 ዓ.ም ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ከበርሊኑ ቀረጻ ስልሳ ዓመት አልፎ ነበር። ጥላሁን፣ ብዙነሽ፣ ማሕሙድ እያሉ ሰው የተሰማን ሸክላ የሚያስታውስበት ምክንያት አልነበረውም።

ድምፃቸው የተመለሰው በመቶ ዓመቱ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ኢትዮፒክስ በሚባለው ተከታታይ የሲዲ ስብስቡ የድሮ ሙዚቃችንን ለዓለም ሲያሰማ ቆይቶ፣ 27ኛውን ቁጥር ለተሰማ ሰጠው። ከዚያ ስብስብ ዓለም በደንብ የሚያውቀው የሙላቱ አስታጥቄን አራተኛ ቁጥር ነው፤ ፊልም ውስጥ ገብቷል፤ ካፌ ውስጥ ይሰማል። 27ኛው ግን ካፌ ውስጥ አይሰማም። ከፊት ለፊት የሚመጣው የአሮጌ ሸክላ ጩኸት ነው፤ ዘይት ላይ እንደተጣለ ሽንኩርት ይንጨረጨራል። ከጀርባው ድምፅና ማሲንቆ አለ። መጀመሪያ ስሰማው እውነቱን ልናገር፣ አልወደድኩትም። ቃሉ አልያዝ አለኝ፤ ሁለት ደቂቃ ሳልሞላ ዘጋሁት።

ሁለተኛ የሰማሁት በጆሮ ማዳመጫ፣ ሌሊት፣ መብራት ጠፍቶ ነው። ያኔ ነው ጆሮዬ ጩኸቱን ማለፍ የቻለው። እንጨርጨሩ እንደ ዝናብ ወደ ኋላ ሄደና ሰውየው ቀረበ። የትንፋሹ መሳብ፣ ማሲንቆዋ ስንኙን ጠብቃ መመለሷ፣ ጊዜው እንዳያልቅበት የሚቸኩል ሰው ድምፅ። ለሰርግ ድንኳን ሌሊቱን ሙሉ የሚበቃ ጨዋታ በአራት ደቂቃ ውስጥ ሲታጨቅ ምን እንደሚሆን እዚያ ይሰማል። ጉድለቱም እሱ ነው፤ ዘና የሚል ቦታ የለውም። ውበቱም እሱ ነው፤ አንዲት ቃል አይባክንም።

አሁን ወደ ቤታችን ልግባ። አጎቴ ማሲንቆ በመምታቱ በዘመድ መሃል አንገቱን ደፍቶ ነው የኖረው። ሰርግ ሲሆን ይጠራል፤ ሰርጉ ሲያልቅ ግን ቤተሰቡ ስለሱ ሥራ አያወራም። አዝማሪ የሚለው ቃል እኛ ሰፈር ስድብ ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ ላስተምረኝ ብዬ ስጠይቀው ራሱ ነው የከለከለኝ፤ አባቴ እንዳይቆጣ ብሎ።

የሚገርመው ይህ የሚሆነው የት አገር ነው? ደብረ ታቦር እኮ ስሟ ራሱ በዓል ነው፤ ቡሄ ነው፤ ልጅ ሁሉ በየደጃፉ የሚጨፍርበት ቀን ነው። ደቡብ ጎንደር የዜማ አገር ነው። ድጓን ማስመስከር የፈለገ የቆሎ ተማሪ ወደ ጋይንት ቤተልሔም ይመጣል። ዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከር የፈለገ ወደ ዙር አባ ይመጣል። አሁን ቃሉን ተመልከቱት። ዝማሬ፣ መዝሙር፣ አዝማሪ፤ ሁሉም ከአንድ ግንድ ከዘመረ የወጡ ናቸው። አንዱን ቅርንጫፍ አክብረን ሌላውን የሰደብነው እኛ ነን።

ስለዚህ የተሰማን ታሪክ ሳገኝ ለአባቴ የማሳየው ማስረጃ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ነጋድራስ ሆኖ ማሲንቆ የመታ ሰው! ስልኬን ይዤ ምድጃ አጠገብ ቁጭ አልኩና አሰማሁት። አባቴ ዝም ብሎ እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጠየቀኝ። ሰውየው ነጋድራስ ባይሆን ይህን ታሪኩን ትነግረኝ ነበር ወይ አለኝ።

መልስ አጣሁ። እውነቱን ነዋ። ተሰማ ስማቸው የቆየው ግጥማቸው ስላማረ ብቻ አይደለም፤ ቤተ መንግሥት ስለነበሩ፣ ጀርመን ስለሄዱ፣ የሚሰበስብላቸው ልጅ ስለነበራቸውም ነው። በዚያው በ1900 ዓ.ም በበጌምድር መንገድ ላይ ማሲንቆ ታቅፎ ከሰርግ ሰርግ በእግሩ የሚሄድ ስንት አዝማሪ ነበር? በርሊን የላከው የለም፤ ስሙን የጻፈው የለም። ተሰማ በሸክላ የቀዱት ጥበብ ግን የነዚያም ሰዎች ጭምር ነው። ሸክላው የአንድ ሰው ስም ይዟል፤ ውስጡ ያለው አካሄድ የብዙዎች ነው። አባቴ ያላለው ግን ያሰማኝ ይህን ነው፤ ወንድሙን የሚያስከብርለት ነጋድራስ አያስፈልገውም ነበር።

በነጋታው ጠዋት ስነሳ የአጎቴ ማሲንቆ ከጓዳ ወጥታ ግድግዳው ላይ ተሰቅላ አገኘኋት። ቆዳዋ ደርቋል፤ ጭራዋ ተበጥሷል። አባቴ ስለሷ ምንም አላለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ቅዳሜ ገበያ ላይ ግን የፈረስ ጭራ ሲጠይቅ አይቼዋለሁ።

እኔ ደግሞ ከአጎቴ ጋር ይጫወቱ የነበሩ አንድ አባት በሕይወት እንዳሉ ሰምቼ ሄድኩ። ደጃቸው ላይ ተቀምጠን ሁለት ሰዓት ያህል ቀዳኋቸው። ተቀበል እያልኩ እየተንተባተብኩ ግጥም ሰጠኋቸው፤ እየሳቁ ተቀበሉኝ። መሃል ላይ የአጎቴ ነው ብለው አንድ ስንኝ አሉ። ያው የሰረዝኩት አይደለም፤ ሌላ ነው።

ቤት እንደገባሁ ልብስ ሳልቀይር ሦስት ቦታ ገለበጥኩት። አንዱ ቅጂ አባቴ ስልክ ላይ ነው።